ዝምታቸውን ያላስነኩት የሙዚቃ ደራሲ፦ የወይዘሮ ኢዮሌ ፋንቲኒ የሕይወት ታሪክ

የሙዚቃ ደራሲዋ ወይዘሮ ኢዮሌ ፋንቲኒ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሜስ ፋንቲኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ አርጂያ ቦሪ እ.ኤ.አ. በማርች ወር 1931 በፖ ወንዝ ዳር በምትገኘው በከተማችን በቦርጎ ሳንቶርሶ ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አሁን ከተሰበሰብንባት ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ሲሆን ዛሬ የጫማ መደብር ሆኗል። ከሦስት ልጆች መካከል ሁለተኛዋ ነበሩ። ታላቃቸው ዴልሞ፣ ታናሻቸው ደግሞ ይህን ጽሑፍ የማነብላችሁ የእኔ የማሪዛ እናት፣ ወይዘሮ ኒቬስ ናቸው።

አክስታችን ቀብር ላይ የሚነበብ ጽሑፍ ሲረዝም ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ነበሩ። ዛሬ ሰዓት የማያዩበት ቀን ስለሆነ ትንሽ ረዘም ብናደርገው ይቅር ይሉናል ብለን እናምናለን። ይቅር ባይሉንም የሚደንቀን ነገር የለም።

አባታቸው አቶ ኤርሜስ የአሳማ ጭን በጨው እያሹ የሚያዘጋጁ የታወቁ ባለሙያ ነበሩ። እጃቸው ከጨው ብዛት ክረምት ከበጋ እንደተሰነጠቀ ነው የኖረው። የቲያትር ወራት ሲመጣ ግን ሌላ ሹመት ነበራቸው፤ የቲያትር ቤቱ የላይኛው ሰገነት አለቃ ነበሩ። ማንም አልሾማቸውም። እሳቸው ሲያጨበጭቡ ሰገነቱ ስለሚያጨበጭብ፣ እሳቸው ሲያፏጩም ስለሚያፏጭ አለቃ ሆኑ እንጂ። የእኛ ሰገነት ኦፔራን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በአፉም የሚያዳምጥ ሰገነት ነው። ቃሉንና ዜማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ይዞታል። ዘፋኙ ከሳተ ያፏጭበታል፤ ከረሳ ግን ያቀብለዋል። በ1938 ከደቡብ የመጣ አንድ ስመ ጥር ዘፋኝ መሐል ላይ ቃሉ ጠፍቶት ሲደነግጥ፣ አቶ ኤርሜስ ወፍራም ድምፃቸውን ለቀቅ አድርገው ከላይ ቢያቀብሉት፣ ዘፋኙ ተቀብሎ ጨረሰና ወደ ሰገነቱ እጅ ነሣ። ይህን ታሪክ በከተማችን ያልሰማ ጥርስ ያላበቀለ ሕፃን ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ አያታችን መድረክ ላይ የተቸገረ ሰው ሲያዩ እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አልቻሉም። ይህን ያነሣነው ለጨዋታ ማድመቂያ አይደለም፤ የአክስታችን ኑሮ የተጠመዘዘው በዚህ ምክንያት ስለሆነ ነው።

ወይዘሮ ኢዮሌ ገና በልጅነታቸው በአባታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና ሥጋ እየበሉ ኦፔራ ሰሙ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በከተማችን ሲከታተሉ በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መጫወት ጀመሩ። እግራቸው ከመርገጫው ስለማይደርስ ታላቅ ወንድማቸው ዴልሞ ከታች ተንበርክኮ በእጁ ይረግጥላቸው ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደው የሙዚቃ ድርሰት ተማሩ። ያኔ ለምትዘፍን ሴት በር የሚከፍት ብዙ ነበር፤ ሌሎች የሚዘፍኑትን ለምትጽፍ ሴት ግን በሩም መስኮቱም ይዘጋል። አንድ መምህራቸው ለሴት የሚስማማው የሕፃን ማባበያ ዜማ ነውና እሱን ጽፈሽ ነይ ቢሏቸው፣ የቀብር ማርሽ ጽፈው ሄዱ። መምህሩ ኖታውን ካነበቡ በኋላ ሁለተኛ ስለ ሕፃን ማባበያ አላነሡም።

በኖቬምበር 1951 ፖ ሞልቶ ከመሬታችን በላይ ወጣ። ያን ጊዜ በሕይወት የነበረ ሁሉ የየራሱን ታሪክ ስለሚያውቅ እኛ የቤታችንን ብቻ እንናገራለን። ዴልሞ ከጓደኞቹ ጋር በጀልባ ጣሪያ ላይ የወጡ ሰዎችን እያወረደ ወደ ግድቡ ሲያመላልስ አደረ። ጎህ ሲቀድ አንድ ጊዜ ብቻ ልመለስ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። አያታችን ወይዘሮ አርጂያ ከሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ጋር ግድቡ ላይ ቆመው ስሙን ጠሩ። ያን ጊዜ ማንም ሳያዝ ግድቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ከውሃው አወጡ። የሚያለቅሱ ሕፃናት ሳይቀሩ አፋቸው በእናቶቻቸው እጅ ተያዘ። መልስ እንዳያመልጥ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ሆነው ቆዩ። በመጨረሻ ከውሃው ማዶ ከአንድ ጉብታ ላይ የቀረች ላም እምቧ አለች፤ ሰዉም ያን ጊዜ ዴልሞ እንደማይመልስ አወቀ። ውሃው ሲጎድል አስከሬኑን አገኘነው። እስከ ዛሬ ዴልሞን አንቱ ብሎት የሚያውቅ የለም፤ በሃያ አራት ዓመቱ ስለቀረ ከእህቶቹ ልጆች ሳይቀር አንሶ ይኖራል።

አቶ ኤርሜስ በዚያ ሰዓት እዚያ አልነበሩም። በላይኛው ግድብ አሸዋ በጆንያ ሲሞሉና ሲደረድሩ ነበር፤ የደረሱት እኩለ ቀን ሲሆን ነው። የልጃቸውን መሞት ሰሙ። ስለዚያ ዝምታ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። ስለ ዝምታ ምን ተብሎ ይነገራል?

ወይዘሮ ኢዮሌ በ1954 ትምህርታቸውን በከፍተኛ ማዕረግ ፈጸሙ። በ1956 በኦርኬስትራ ውስጥ ባሱን የሚባለውን ረጅም የእንጨት መሣሪያ ከሚነፉት ከአቶ ሌሊዮ ዛንካ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው በ1957 ቺንሲያን፣ በ1960 ሩጄሮን ወለዱ። አጎታችን ሌሊዮ ነገር የማያጋንኑ፣ ከሚስታቸው ጋር ክርክር ሲነሣ ባሱናቸውን የሚወለውሉ ጨዋ ሰው ነበሩ። መሣሪያው ሁልጊዜ ያብረቀርቅ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አክስታችን አንድ ልጅ በጭናቸው፣ አንዱን በእግራቸው እያወዛወዙ «ጎህ በግድቡ ላይ» የተባለውን ኦፔራቸውን ጻፉ። በመጨረሻው ትዕይንት እናት ግድቡ ላይ ቆማ የልጇን ስም ትጠራለች። ትጠራና ታዳምጣለች። የኦርኬስትራው መሪ ዘንጉን ዝቅ ያደርጋል፤ ኦርኬስትራው ያቆማል፤ መድረኩ ላይ የሚንቀሳቀስ የለም። ዝምታው ምን ያህል እንደሚቆይ በቁጥር አልጻፉም፤ «መልስ እንደማይመጣ ሁሉም ሰው እስኪያውቅ ድረስ» ብቻ ብለው ጻፉ። ከዚያ ባሱኑ አንድ ጊዜ እንደ ላሟ ይጮኽና መጋረጃው ይወርዳል። አጎታችን ሌሊዮ ድርሻቸውን ሲያዩ ለሌላ ሰው የፍቅር ዜማ ይጻፍለታል፣ እኔን ሚስቴ ላም አደረገችኝ ብለው ሳቁ። ቢሆንም ያቺን አንዲት ድምፅ ብቻቸውን እንደሚጫወቱት ትልቅ ዜማ ነበር የሚለማመዷት።

ኦፔራው በፌብሩዋሪ 1962 በከተማችን ቲያትር ቀረበ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። አቶ ኤርሜስ የሠርጋቸውን ልብስ ለብሰው ሰገነቱ ላይ ተቀመጡ። የመጀመሪያው ክፍል ተወደደ፤ ሁለተኛውም ይበልጥ ተወደደ። ሦስተኛው ሲደርስ ሰገነቱ ላይ የሚያለቅሱ ነበሩ፤ አያታችንም ግራና ቀኝ ያለውን ሰው ሁሉ በክርናቸው እየጎሸሙ የልጄ ሥራ ነው ይሉ ነበር።

ከዚያ እናትየው ጠራች፤ ዝምታውም መጣ።

ከመጋረጃው ጀርባ የቆሙት አክስታችን የጻፉት አንድ ነገር፣ አያታችን ከላይ ያዩት ሌላ ነገር ነበር። እናትየውን የምትዘፍነው ሶፕራኖ አፏን ከፍታ ቆማለች፤ ድምፅ የለም። መሪው እጁን ጥሏል። ልጅቱ ረስታለች፤ የልጄ ኦፔራ በአገር ፊት ሊወድቅ ነው አሉ በልባቸው። ብድግ ብለው ስሙን ከላይ ተቀብለው ዘመሩት፤ ዜማውንም ጆሯችን እንደለመደው ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አስወጡት። ሰገነቱም አለቃውን ተከትሎ በአንድ አፍ ዘመረ። ከታች የተቀመጡት ደግሞ ረሳች ብለው ሶፕራኖዋ ላይ አፏጩባት። ልጅቱ እያለቀሰች ከመድረክ ሮጣ ወጣች። አጎታችን ሌሊዮ የባሱኑን ጫፍ አፋቸው ውስጥ እንደያዙ፣ ላሟ ትጩህ ወይስ ትተው ሳያውቁ ቀሩ። መጋረጃው በአንድ ወገን ወርዶ በሌላው ተንጠለጠለ።

አያታችን አቶ ኤርሜስ ላብ በላብ ሆነው ከሰገነቱ ወረዱና ልጃቸውን ግንባሯን ስመው፣

«አይዞሽ ልጄ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይጥልሽም» አሏት።

ወይዘሮ ኢዮሌ ኖታቸውን ሰብስበው ያዙ። አባታቸው እንዳዳኗቸው አምነው ወደ ቡና ቤት ሄዱ። ለብዙ ዓመታትም ይህን ሲያወሩ የሚያርማቸው አልተገኘም፤ ከተማው ሁሉ እያወቀ አንድም ሰው አንጀቱ አልቻለም።

በማግስቱ ጋዜጣው መጨረሻ የሌለው ኦፔራ መጨረሻውን ሰገነቱ ጻፈለት ብሎ አወጣ። ሳምንት ሳይሞላ ኖታ የሚያሳትም አንድ ሰው ከሚላኖ ቤታቸው ድረስ መጥቶ መልካም ነገር አቀረበላቸው። ሥራው ድንቅ ነው፤ ያችን ባዶ ቦታ ነቅለሽ ለእናትየው አንድ ጥሩ የልቅሶ ዜማ ብትጽፊላት፣ በሚመጣው ዓመት በትልልቆቹ ቲያትሮች ይቀርባል አላቸው። ለሠላሳ ዓመት ሴት እንዲህ ያለ ዕድል ሁለት ጊዜ አይመጣም። አክስታችንም ወይን ቀድተውለት፣ በደንብ ካዳመጡት በኋላ፣

«ባዶ ቦታ አይደለም። እሱን ካወጣችሁት የቀረውን ለአሳማ ስጡት» አሉት።

ሰውየው ወይኑን ጠጥቶ ሄደ። እንዲህ ሆነው ነው የቀሩት። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህር ሆነው ተቀጠሩ፤ እዚህ ከተቀመጥነው ግማሾቻችን የምናውቀውን ኖታ ያስተማሩን፣ የማናውቀውንም ያላስተማሩን እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ ሴፕቴምበር ሲገባ ያንኑ ኦፔራ አንዲት ነጥብ ሳይለውጡ ለቲያትር ቤቱ ያስገቡ ነበር። በየዓመቱም መጨረሻ ይጨመርበትና እናያለን ተብሎ ይመለስላቸዋል። እናቴ ኒቬስ አንድ ጊዜ ቢያንስ ፕሮግራሙ ላይ ይህ ዝምታ ሆን ተብሎ ነው ብለሽ አጽፊ ብትላቸው፣ ማስታወቂያ ተለጥፎበት የሚደመጥ ነገር አልጻፍኩም አሏት። እልኸኛ ነበሩ። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነን እንዋሽ ካላልን በቀር ሌላ ስም አይገኝለትም።

ለአባታቸው ግን እልህ አልነበራቸውም። እሑድ እሑድ ካፔሌቲ የሚባለውን በሥጋ መረቅ የተሠራ ፓስታ ይዘው ወላጆቻቸው ቤት ይሄዳሉ፤ አባታቸው ያቺን ሌሊት እንዴት እንዳዳኗቸው ለመቶኛ ጊዜ ሲያወሩ ሳህናቸውን እያዩ ይሰማሉ። እውነቱን መናገር አባታቸውን መግደል መሰላቸው። ዝምታውን መሰረዝ ደግሞ ወንድማቸውን ሁለተኛ መቅበር መሰላቸው። በሁለቱ መካከል አሥራ አራት ዓመት ተቀመጡ።

በ1976 የፋሲካ እሑድ፣ እኔ ማሪዛም በማዕዱ ነበርኩ፣ አያታችን ያንኑ ታሪክ ለቺንሲያ እጮኛ ከመጀመሪያው ማውጋት ጀመሩ። ልጅቱ አፏን ከፍታ ቀረች፣ እኔም ብድግ አልኩ የሚለው ጋ ሲደርሱ፣ በዚያ ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት አያታችን ወይዘሮ አርጂያ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መልሰው፣

«ኤርሜስ፣ ልጅቱ አልረሳችም። ያን ቀን ዴልሞን ስጠራ ሰው ሁሉ እንዲያ ዝም ብሎ ነበር፤ አንተ አልነበርክም። ልጅህ የጻፈችው እሱን ነው» አሉ።

አቶ ኤርሜስ ልጃቸውን አዩ፤ አክስታችን ሳህናቸውን አዩ። አቶ ኤርሜስ ተነሥተው ኮፍያቸውን ደፉና ወጡ። እኛ ወደ ዴልሞ መቃብር የሄዱ መስሎን ነበር። ለካ የሄዱት የሰገነቱ ሰዎች ካርታ ወደሚጫወቱበት ቡና ቤት ኖሯል። እዚያ የነበሩት እንደሚናገሩት ካርታውን በእጃቸው ሰብስበው ኪሳቸው ከተቱና፣ እኔ ደንቆሮ ነበርኩ፣ እናንተም ተከተላችሁኝ፣ ካሁን ጀምሮ ዝም ማለት እንማራለን አሏቸው።

ፀጉር አስተካካዩ ሴቬሪኖ፣ ነፍሱን ይማረውና፣

«ኤርሜስ፣ አንተ ዝም ማለት ከተማርክማ ፖ ሽቅብ ይፈሳል» ብሎ አሾፈ።

«እንግዲያው ሽቅብ ይፍሰስ» አሉ አያታችን።

እንዲህ ነበር የተጀመረው። ሰባ ሦስት ዓመት የሆናቸው ሽማግሌ የከተማውን ለፍላፊ ሁሉ ሰብስበው ዝምታ ማለማመድ ያዙ። ባለ ቡና ቤቱ ማሽኑን ያጠፋል፤ አቶ ኤርሜስ እጃቸውን ያነሣሉ፤ ሁሉም ጸጥ ይላል። አንዱ ያስላል፣ አንዱ ይስቃል፣ የአንዱ ወንበር ይንጫጫል፤ እንደገና ከመጀመሪያው። ሴቬሪኖ እስከ ገና በዓል ድረስ ሳይስቅ መጨረስ አልቻለም ይባላል። አክስታችን ከዚህ ሁሉ የሰሙት ነገር አልነበረም። ዕድሜ ልኩን ሲለፈልፍ የኖረ ሰው፣ ዝም ማለት መማሩን ዝም ብሎ ያዘ።

በሴፕቴምበር 1977 አክስታችን ኦፔራውን እንደ ልማዳቸው አስገቡ፤ እንደ ልማዱም ተመለሰ። ሰገነቱ ይህን ሲሰማ በቲያትሩ ታሪክ ያልታየ ነገር አደረገ። የዚያ ወቅት ትርኢቶች ሲጀምሩ ማጨብጨብ አቆመ። አላፏጨም፤ አልተሳደበም። ዘፋኙ ጥሩም ይዝፈን መጥፎ፣ ዜማው ሲያልቅ ከላይ የሚሰማ ነገር የለም። ከሮም የመጣች አንዲት ታላቅ ሶፕራኖ ድምፄ ጠፍቷል እንዴ ብላ ሐኪም አስጠራች። የቲያትሩ ሥራ አስኪያጅ ሰገነቱ ድረስ ወጥቶ፣ ኧረ አፏጩ፣ ፉጨት ይሻለኛል፣ ቢያንስ በሕይወት እንዳላችሁ አውቃለሁ ብሎ ለመነ። አቶ ኤርሜስ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው አዩት።

ነገሩ አክስታችን ጆሮ ሲደርስ ደስ ያላቸው የሚመስለው ሰው አላወቃቸውም። ተቆጡ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ረግጠውት የማያውቁትን የሰገነቱን ደረጃ ወጡና፣ አባታቸውንም ጨምረው፣

«በእኔ ምክንያት ሌላውን አትቅጡ። እኔ እንድትሰሙት ነው የፈለግኩት። ሰምታችሁ ካልወደዳችሁት አፏጩ፤ ሳትሰሙት ግን አታጨብጭቡልኝ» አሏቸው።

የሰገነቱ ሰዎች በአክብሮት ተነሥተው አዳመጧቸው። በማግስቱም አላጨበጨቡም። እልህ የአክስታችን ብቻ አልነበረም፤ የአገሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወር ሳይሞላ ተሸነፈ።

«ጎህ በግድቡ ላይ» በማርች 1978፣ ደራሲዋ አርባ ሰባት ዓመት በሞላቸው ሰሞን፣ በዚያው ቲያትር እንደተጻፈ ቀረበ። አቶ ኤርሜስ ያንኑ የሠርግ ልብስ ለብሰው ያንኑ ቦታ ያዙ። አያታችን ወይዘሮ አርጂያ ከታች ከእኛ ጋር ተቀመጡ። እናትየው ጠራች። መሪው ዘንጉን ዝቅ አደረገ። እኔ ቀና ብዬ አየሁ፤ አቶ ኤርሜስ ኮፍያቸውን አውልቀው ጫፉን በጥርሳቸው ነክሰው ይዘውታል፤ ዓይናቸው ተጨፍኗል። ጣሪያው ላይ ዝናብ ይንጠባጠብ ነበር። እናቴ የእናቷን እጅ ያዘች። ከእኛ ሰገነት፣ ለንጉሥም ለጳጳስም ዝም ብሎ ከማያውቀው፣ አንድ ሳል እንኳ አልወረደም። ዝምታው ቆየ፣ ቆየ፤ መልስ እንደማይመጣም ሁላችንም አወቅን። ያን ጊዜ አጎታችን ሌሊዮ አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቋትን ያቺን አንዲት ድምፅ ነፉ። መጋረጃው ወረደ።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያላሰበው ነገር ሆነ። ሰገነቱ አለቃውን ይጠብቃል፤ አለቃው ኮፍያውን ነክሶ ያለቅሳል። ሰገነቱ ካላጨበጨበ ከታች ያለው አይደፍርም። አክስታችን ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ይህን ሁሉ አያዩም፤ የሚሰሙት ባዶ አዳራሽ ብቻ ነው። ዳግመኛ ወደቀ ብለው ካፖርታቸውን አነሡ። በዚህ መሐል፣ ቲያትር ቤት አጨብጭበው የማያውቁት፣ ሕዝብ ፊት መነሣት የሚያፍሩት አያታችን ወይዘሮ አርጂያ ከመቀመጫቸው ተነሡና ብቻቸውን ማጨብጨብ ጀመሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ የሆነውን የከተማው ሰው ያውቀዋል፤ የጣሪያው ኖራ እስኪራገፍ ነበር የተጨበጨበው።

አቶ ኤርሜስ ከመድረኩ ጀርባ ሲደርሱ ኮፍያቸው በእጃቸው ነበር፤ ጫፉ ተበልቷል።

«ያኔ አበላሽቼብሽ ነበር፣ ልጄ» አሉ።

አክስታችንም የአባታቸውን የተሰነጠቀ እጅ ይዘው፣

«አባባ፣ ያኔም ቢሆን ቃናውን አልሳትክም» አሏቸው።

ከዚያ በኋላ ኦፔራው በአገራችንና በውጭ አገር ቲያትሮች ቀርቧል። ወይዘሮ ኢዮሌ በሄዱበት ሁሉ በዝምታው መሐል የሚያስል ሰው እንደነበር እየተናደዱ ይነግሩን ነበር፤ የእኛን ሰገነት የሚያህል አላገኙም። ሌሎች ሁለት ኦፔራዎችንም ጻፉ፤ አንደኛው ያስቃል፣ ደራሲዋን ለሚያውቅ ግን አይገርምም። በ1991 ከመምህርነት በጡረታ ቢሰናበቱም እስከ ሰማንያ ዓመታቸው ድረስ ቤታቸው ድረስ ለሚመጡ ወጣት ደራስያን በራቸው ክፍት ነበር። ኖታቸውን አይተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ጥያቄ፣ ለመጣል የማትስማማው የትኛውን ገጽ ነው የሚል ነበር። መልስ የሌለው ተማሪ መልስ ይዞ እንዲመጣ ይመለሳል።

አባታቸው አቶ ኤርሜስ በ1985፣ እናታቸው ወይዘሮ አርጂያ በ1989፣ ባለቤታቸው አቶ ሌሊዮ በ2008 ከዚህ ዓለም ተለዩ። የአቶ ኤርሜስ ሣጥን ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እንደ ልማዳችን ሕዝቡ በጭብጨባ ሸኛቸው። ያን ቀን እጃቸውን አጣጥፈው የቆሙት አክስታችን ብቻ ነበሩ። አንዳንዶቻችሁ ቂም መስሏችሁ አምታችኋቸዋል። ዛሬ እንንገራችሁ፤ እያዳመጡ ነበር።

ወይዘሮ ኢዮሌ ከ2017 ጀምሮ በልብ ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። ሐኪማቸው ደረጃ እንዳይወጡ ከልክሏቸው ሳለ ባለፈው ክረምት ሰገነቱ ላይ ተቀምጠው ተገኙ። ማን አወጣዎት ተብለው ሲጠየቁ እግሬ አሉ። ሕመማቸው ጸንቶ በኦክቶበር 9 ቀን 2019፣ ጎህ ሲቀድ፣ በተወለዱ በሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ልጆቻቸው በተገኙበት በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። የአንዲት ሴት ልጅና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአራት ልጆች አያት ነበሩ። እህታቸው ወይዘሮ ኒቬስ፣ የእህታቸው ልጅ ማሪዛና ኖታ ያስተማሯቸው የከተማው ልጆች ሁሉ ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

አሁን አንድ አደራ ቀርቶናል። አክስታችን ከማረፋቸው በፊት ቺንሲያንና ሩጄሮን ጠርተው ያስጠነቀቁት ነው። ሣጥናቸው ከዚህ በር ሲወጣ እንዳናጨበጭብ፤ ማንም ዜማ ከጎን እንዳያቀብል፤ ደወሉ እስኪመታ ድረስ ሁላችንም ዝም ብለን እንድናዳምጥ። ደወሉ ከመታ በኋላ ግን የወደዳችሁትን አድርጉ፣ ካልወደዳችሁትም አፏጩ ብለዋል።

የጠሩትን ሁሉ የሚሰማ አምላክ፣ ያን ጎህ ከውሃው ማዶ ያልመጣውን መልስ ዛሬ ያሰማቸው። ከዴልሞ፣ ከአባትና እናታቸው፣ ከሌሊዮም ጋር በሰላም ያገናኛቸው፤ ለእኛም እሳቸውን የምናዳምጥበት ጆሮ ይስጠን። አሜን።

ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን አንሥተዋል። ዝም እንበል።